ባልና ሚስት ሶሻል ሴኩሪቲ መቼ ፋይል ያድርጉ? ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ

አክስቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቷ በሞተ በወሩ አንድ ነጭ ፖስታ ይዛ ቤቴ መጣች። ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ነበር። ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ሁለት ቼክ ነበር የሚገባልን። ሌላኛው የት ሄደ?»

በሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም በአሜሪካ መንግሥት የጡረታ አበል፣ ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት ትልቁ ቼክ ይቀራል፣ ትንሹ ይቆማል። ሕጉ እንዲህ ነው። የአክስቴ ችግር ትልቁ ቼክ ራሱ ትንሽ መሆኑ ነበር። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቶ፣ 62 እንደሞላው ፋይል አደረገ፤ ጡረታው እንዲጀመርለት አመለከተ ማለት ነው። «ነገን ማን ያውቃል፣ ያለውን ልውሰድ» ነው ያለው። ይህ ቼክ ከእሱ በኋላ ሚስቱ የምትኖርበት መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። እኔም ያኔ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለጡረታ የደረሰ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሲኖር አብሬው ቁጭ ብዬ ወረቀቱን አያለሁ። ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። በየዓመቱ የሚቀየሩት ቁጥሮች የ2026 ናቸው።

1. የሁለታችሁንም ስቴትመንት ጠረጴዛ ላይ አውጡ

እያንዳንዳችሁ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የየራሳችሁን አካውንት ክፈቱ። የባል አካውንት የሚስትን አያሳይም። ኮምፒውተር የሚከብዳችሁ ከሆነ ልጆቻችሁ ያግዟችሁ፤ የይለፍ ቃሉን ግን ራሳችሁ ያዙ። «ስቴትመንት» (የገቢና የአበል መግለጫ) የሚለውን አትሙና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሦስት ነገር ተመልከቱ።

መጀመሪያ ክሬዲት፣ ማለትም ታክስ ከተከፈለበት ሥራ የሚጠራቀም ነጥብ። የራስን ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል። በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ቢያንስ 10 ዓመት ሥራ ማለት ነው። በ2026 አንዱ ክሬዲት በ1,890 ዶላር፣ አራቱም በ7,560 ዶላር ገቢ ይገኛሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራችሁበት ዘመን እዚህ አይቆጠርም፤ ሁለቱ አገሮች የጡረታ ዘመን የሚያደማምር ስምምነት የላቸውም። 36 ወይም 38 ክሬዲት ላይ ሥራ ያቆማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እዚያ ላይ አትተዉት። ታክስ እየተከፈለበት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርቶ የቀረውን መሙላት የዕድሜ ልክ ገቢ ያመጣል።

ሁለተኛ የየዓመቱ ገቢ። አበሉ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባገኛችሁባቸው 35 ዓመታት አማካይ ነው። በ40 ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ 25 ዓመት የሠራ ሰው አሥር ዜሮ አለው ማለት ነው። አንድ ዓመት በሠራ ቁጥር አንድ ዜሮ ይጠፋለታል። ለእኛ ለዘግይቶ መጪዎች «ትንሽ ልሥራ» ማለት ከሌላው ሰው ይልቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያየው ወጪ ተቀንሶ የቀረውን ትርፍ ነው። ወጪ እያበዛን ታክስ የቀነስንባቸው ዓመታት ስቴትመንቱ ላይ በትንሽ ቁጥር ይታያሉ። በግል ሥራ የተገኘ ገቢ ካልተመዘገበ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የማረሚያ ጊዜው 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው፤ ጎዶሎ ዓመት ካያችሁ አትዘግዩ።

ሦስተኛ በሙሉ የጡረታ ዕድሜ፣ ማለትም አበል ሳይቀነስ በሚጀምርበት ዕድሜ፣ የምታገኙት መጠን። ይህን ቁጥር በሁለቱም ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ አክብቡት። ከዚህ በኋላ «ሙሉ አበል» የምለው እሱን ነው። ስሌቱ ሁሉ የሚነሳው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

2. የልደት ቀናችሁ መዝገብ ላይ ምን እንደሚል እወቁ

ከ1943 እስከ 1954 ለተወለደ ሙሉ የጡረታ ዕድሜው 66 ነው። ከ1955 ጀምሮ በየዓመቱ ሁለት ወር እየጨመረ ይሄዳል። የ1959 ልጅ 66 ዓመት ከ10 ወር፣ ከ1960 ወዲህ የተወለደ 67 ነው።

እኛ ጋ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በስደት በሱዳን ወይም በኬንያ በኩል የመጡ ብዙ ሰዎች ትክክለኛ ቀናቸው ስላልታወቀ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ ተሞልቶላቸዋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ደንብ ጃንዋሪ 1 የተወለደን ሰው ባለፈው ዓመት እንደተወለደ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ጃንዋሪ 1፣ 1960» የሚል ሰው ሙሉ ዕድሜው 67 ሳይሆን 66 ከ10 ወር ነው። የሁለት ወር ልዩነት ነው፤ ግን የእናንተ ነው፣ ተጠቀሙበት።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። የ1952 ዓ.ም መስከረም ልጅ በፈረንጆቹ የ1959 ነው፤ የዚያው ዓመት ሚያዝያ ልጅ ግን የ1960። ሰባት ይሁን ስምንት ዓመት ብሎ መገመት አያዋጣም። የሚሠራው የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ ያለው ቀን ስለሆነ ከስቴትመንቱ ላይ አረጋግጡ።

3. ሦስቱን አበሎች ለዩ

የራስ አበል የሚባለው በገዛ ሥራችሁ የምታገኙት ነው። ሙሉ ዕድሜው 67 የሆነ ሰው በ62 ቢጠይቅ የሙሉ አበሉን 70 በመቶ ያገኛል። በ65 86.7 በመቶ፣ በ67 100፣ በ70 ደግሞ 124 በመቶ ይሆናል። ከ70 በኋላ መጠበቅ ምንም አይጨምርም። በ62 የወሰደ ሰው 67 ሲሞላው ቅናሹ አይነሳለትም። ይህን ብዙ ሰው «እስከዚያ ነው የሚቀነሰው» ብሎ ያስባል። አይደለም፣ የዕድሜ ልክ ነው።

የትዳር ጓደኛ አበል ከሌላኛው ሙሉ አበል እስከ ግማሽ ድረስ ይደርሳል። ሙሉ ዕድሜዋ 67 የሆነች ሚስት በ62 ብትጠይቅ 32.5 በመቶ፣ በ65 41.7 በመቶ፣ በ67 50 በመቶ ታገኛለች። ለባልም እንደዚያው ነው። ከ67 በላይ መጠበቅ አይጨምርም። ግማሹ የሚሰላው ባል በ67 ከሚያገኘው ላይ ነው፤ በ70 ካደገው ላይ አይደለም። ለማግኘት ትዳሩ ቢያንስ 1 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልየውም የራሱን ጠይቆ መሆን አለበት፤ እሱ ፋይል እስኪያደርግ እሷ አትችልም።

እዚህ ላይ አንድ ፍርሃት ላንሳ፤ ብዙ ባሎች ይጠይቁኛል። የሚስት ድርሻ ከባል ቼክ ተቆርጦ የሚሰጥ አይደለም። የእሱ እንዳለ ነው፣ የእሷ ተጨማሪ ነው።

የራሷ አበል ያላት ሚስት ሁለቱንም ደርባ አትወስድም። ልዩነቱ ነው የሚሞላላት። የባል ሙሉ አበል 2,400 ቢሆን ግማሹ 1,200 ነው። የእሷ ሙሉ አበል 700 ከሆነ የሚጨመርላት 500 ነው። «መጀመሪያ የባሌን ግማሽ ልውሰድ፣ የራሴ እስከ 70 ይደግ» የሚል ምክር አሁንም በየማኅበሩ ይወራል። በ2015 በወጣው ሕግ ቀርቷል። ከጃንዋሪ 2፣ 1954 ጀምሮ የተወለደ ሰው አንዱን ሲጠይቅ በዚያ ጊዜ የሚገባውን ሌላውንም እንደጠየቀ ይቆጠራል።

የተተኪ አበል ትዳር ጓደኛ ሲሞት የሚገኘው ነው። ይህ ነው አክስቴን ያጋጠማት፤ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከ60 ዓመት ጀምሮ ይገኛል። በ60 71.5 በመቶ ነው፤ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ላይ 100 በመቶ ይደርሳል። በአብዛኛው ትዳሩ ቢያንስ 9 ወር የቆየ መሆን አለበት። እንደ ሚስት ድርሻ ግማሽ ሳይሆን፣ ሟቹ ያገኝ የነበረው ሙሉው ነው። ሟቹ እስከ 70 ጠብቆ ያሳደገው ከሆነ ያደገው ያልፍላታል። ቀድሞ በመውሰዱ የተቀነሰ ከሆነ ቅናሹም ያልፍላታል፤ ያኔ የምታገኘው እሱ ይወስድ ከነበረውና ከሙሉ አበሉ 82.5 በመቶ የሚበልጠውን ነው።

በክብ ቁጥር ላሳያችሁ። የሟቹ ሙሉ ዕድሜ 66፣ ሙሉ አበሉ 1,600 ይሁን። በ62 ፋይል ካደረገ 1,200 ይወስድ ነበር። ሲሞት ሚስቱ 1,320 ታገኛለች። በ66 ቢጠይቅ ኖሮ 1,600 ይቀርላት ነበር። በ70 ቢሆን ደግሞ 2,112። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል በወር 792 ዶላር አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ብቻዋን ለምትኖር ሴት የቤት ኪራይና የመብራት ጉዳይ ነው።

4. የእናንተ ቤት የትኛው ነው?

ከዚህ በኋላ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ብዙ ጊዜ የማያቸውን ቤቶች ላስቀምጥ።

*አንዱ ብቻ የሠራበት ቤት።* ባል 67፣ ሚስት 62 ናቸው እንበል። የእሱ ሙሉ አበል 2,000 ዶላር ነው። እሷ ዘግይታ መጥታ ወይም ልጅ ስታሳድግ 40 ክሬዲት አልሞላችም። ሦስት መንገድ አላቸው።

ሁለቱም አሁን ቢጠይቁ እሱ 2,000፣ እሷ 650፣ በድምሩ 2,650 ይገባል። እሱ አሁን ጠይቆ እሷ እስከ 67 ብትጠብቅ ለአምስት ዓመት 2,000 ብቻ ይገባና ከዚያ 3,000 ይሆናል። እሱ እስከ 70 ቢጠብቅ ሦስት ዓመት ምንም የለም። ከዚያ ግን የእሱ 2,480፣ በ65 የምትጠይቀው የእሷ 833፣ ድምሩ 3,313 ይሆናል።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። «እሱ ይውሰድ፣ እሷ ወጣት ናት ትጠብቅ» ይላሉ። እኔ ብዙ ጊዜ አልስማማም። እሷ አምስት ዓመት ስትጠብቅ የሚቀርባት 39,000 ዶላር ነው። በምላሹ የምታገኘው በወር 350 ጭማሪ ነው። ያንን ለመመለስ ከ9 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ሁለቱም በሕይወት መኖር አለባቸው። እሱ ያኔ 81 ዓመቱ ነው። እሱ ከሞተ የሚስት ድርሻ የሚባለው ነገር ያበቃል፤ ወደ ተተኪ አበል ትዛወራለች። ደግሞም የሚስት ድርሻን በ62 መውሰዷ የተተኪ አበሏን አይቀንሰውም። የእሷ ቅናሽ የሚቆየው ሁለቱም በሕይወት እስካሉ ብቻ ነው። የእሱ ቅናሽ ወይም ጭማሪ ግን እሷ እስክትሞት ይከተላታል።

ስለዚህ መጠበቅ ካለበት የሚጠብቀው እሱ ነው። ሦስተኛው መንገድ ሦስት ዓመት ሙሉ የሌላ ገቢ ይፈልጋል፤ ሥራ፣ ቁጠባ፣ ወይም ፎር ኦ ዋን ኬ (በሥራ ቦታ የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ)። የተዉት ወደ 95,400 ዶላር ሁለቱም በሕይወት ካሉ በ12 ዓመት ገደማ ይመለሳል። እሱ ቀድሞ ቢያልፍ እንኳ ለእሷ በወር 2,000 ሳይሆን 2,480 ይቀራል። ባል ጤነኛ ከሆነና መሥራት ካላስጠላው፣ በተለይ ሚስት በብዙ ዓመት የምታንስ ከሆነ፣ እኔ ወደዚህ አደላለሁ። እስከ 70 ባይሆንለት እስከ 68 ወይም 69 ይጠብቅ። ጭማሪው በወር በወር ነው የሚቆጠረው። ከታመመና ገንዘቡ አሁን ካስፈለገ ደግሞ ይውሰድ። የአልጋ ቁራኛ ሆኖ በብድር መኖር ምንም ጥቅም የለውም።

*ሁለቱም የሠሩበት፣ አበላቸው የተቀራረበ ቤት።* የእሱ ሙሉ አበል 1,900፣ የእሷ 1,000 ይሁን። የእሱ ግማሽ 950 ነው፤ የእሷ የራሷ ይበልጣል። የሚስት ድርሻ አይኖርም ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፣ «ተከለከልኩ» ይላል። አልተከለከለችም፣ የራሷ በልጦ ነው። እዚህ ውሳኔው ቀላል ነው። ትንሹ ቼክ አንዳቸው ሲሞቱ ስለሚቆም ቀደም ቢልም ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ትልቁ ግን ይቆይ።

*ትልቁ ቼክ የሚስት የሆነበት ቤት።* ነርስ ሆና የሠራች ሚስት፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሠራ ባል። በእኛ ሰፈር ብዙ ነው። የእሷ ሙሉ አበል 2,800፣ የእሱ 1,100 ይሁን። የእሷ ግማሽ 1,400 ስለሆነ እሷ ፋይል ስታደርግ ለእሱ 300 ይጨመርለታል። ባልም ከሚስቱ ያገኛል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እሱ የራሱን እስከ 70 ቢጠብቅ 1,364 ይሆናል፤ ያኔ ከእሷ የሚመጣው ጭማሪ 36 ዶላር ብቻ ይሆናል። ጥበቃው የሚስቱን ጭማሪ በላበት ማለት ነው። ስለዚህ እሱ ከ67 አይለፍ። እሷ ግን በዕድሜ የምታንስ ከሆነ እስከ 70 መጠበቋ እንደ መጀመሪያው ቤት አይጠነክርም። ከሁለቱ ኋላ የምትቀረው እሷ ራሷ ልትሆን ስለምትችል ጥያቄው የእሷ የራሷ ዕድሜና ጤና ይሆናል።

*ልጅ ያለበት ቤት።* ዘግይቶ ያገባ፣ 64 ዓመቱ ሆኖ የ10 ዓመት ልጅ ያለው አባት ጥቂት አይደለም። አባት ፋይል ሲያደርግ ልጁ እስከ 18 ዓመቱ፣ ሃይስኩል ላይ ከሆነ እስከ 19፣ ከአባቱ ሙሉ አበል እስከ ግማሽ ያገኛል። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የምታሳድግ ሚስትም ዕድሜዋ ምንም ይሁን ምን እስከ ግማሽ ትጠይቃለች። ለቤተሰቡ በጠቅላላ የሚከፈለው ግን ጣሪያ አለው፤ ከአባት ሙሉ አበል ከ150 እስከ 188 በመቶ ነው። ይህ ቤት የጥበቃን ስሌት ይገለብጠዋል። ልጁ 18 ሲሞላው በሩ ስለሚዘጋ፣ ቀደም ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

በየእድሩ «ሶሻሉ ሊያልቅ ነው፣ ቶሎ ውሰዱ» የሚባለውንም ላንሳ። የፈንዱ ባለአደራዎች በ2025 ባወጡት ሪፖርት፣ ሕጉ ካልተስተካከለ የጡረታው ፈንድ መጠባበቂያ በ2033 ያልቃል ብለዋል። ያኔም በየወሩ ከሠራተኛው በሚሰበሰበው ታክስ 77 በመቶ ያህሉን መክፈል ይቻላል። ቅናሽ ቢመጣ በ62 የወሰደውንም ይነካዋል። መቸኮል ከዚያ አያድንም።

5. ገና እየሠራችሁ ከሆነ

ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ሳይሞላ አበል እየወሰዱ መሥራት ገደብ አለው። በ2026 ገደቡ 24,480 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ በተገኘ በየ2 ዶላሩ 1 ዶላር ይያዛል። የ63 ዓመት የሆነችና በሆም ኬር 36,480 ዶላር የምታገኝ ሴት 12,000 አልፋለች፤ 6,000 ይያዝባታል። ሙሉ ዕድሜ በሚሞላበት ዓመት ገደቡ ወደ 65,160 ከፍ ይላል፣ የሚያዘውም ከ3 ዶላር 1 ነው። ሙሉ ዕድሜው ከሞላበት ወር ጀምሮ ገደብ የለም።

የተያዘው ገንዘብ ጨርሶ አይጠፋም፤ ሙሉ ዕድሜ ላይ አበሉ እንደገና ተሰልቶ ከፍ ይላል። ለባልና ሚስት ግን አንድ ወጥመድ አለ። ባል በገቢው ምክንያት ሲያዝበት በእሱ ስም የምትወስደው ሚስትም ይያዝባታል። በ62 ፋይል አድርጎ ሙሉ ቀን መንዳቱን የሚቀጥል ሰው ሁለቱን ቼክ አብሮ ያስይዛል።

6. የተፋታችሁና ባል ወይም ሚስት የሞተባችሁ

ትዳሩ 10 ዓመት ከሞላው፣ የተፋታ ሰው ካላገባ በቀድሞ ባሉ ወይም ሚስቱ ስም መጠየቅ ይችላል። ከተፋቱ 2 ዓመት ካለፈና ሁለቱም 62 ከሞላቸው ሌላኛው ፋይል ባያደርግም ይቻላል። የሌላውን ቼክም ሆነ የአዲሷን ሚስት ድርሻ አይነካም። በዘጠነኛ ዓመታችሁ ላይ ሆናችሁ ፍቺ ውስጥ ያላችሁ፣ ቀኑን ቁጠሩ።

የትዳር ጓደኛ የሞተበት ሰው ሌሎች ያጡት ምርጫ አለው። የተተኪ አበልና የራስ አበል ተለያይተው ሊጠየቁ ይችላሉ። አንዷ በ60 የተተኪውን ወስዳ የራሷን እስከ 70 ታሳድጋለች። ሌላዋ የራሷን ትንሽ በ62 ወስዳ የተተኪውን ሙሉ ዕድሜዋ ላይ ትወስዳለች። ሁለቱን ቁጥር ጠይቃችሁ፣ በመጨረሻ የሚበልጠውን አሳድጉ። ቢሮ ስትሄዱ አንዱን ብቻ እንደምትጠይቁ በግልጽ ተናገሩ፤ ማመልከቻው ላይም አስጽፉት።

7. አብረው የሚመጡ ነገሮች

ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ የሚጀምረው በ65 ነው። ጡረታችሁን ብታዘገዩም ሜዲኬርን አታዘግዩ። በሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ካልተሸፈናችሁ በፓርት ቢ (የሐኪም ሕክምናን በሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) ላይ የዕድሜ ልክ ቅጣት ይመጣል። ክሬዲት የሌላት ሚስት ባሏ 40 ክሬዲት ያለውና ቢያንስ 62 ዓመት የሞላው ከሆነ ፓርት ኤን (የሆስፒታሉን ክፍል) በነጻ ታገኛለች።

ኤስኤስአይ ሌላ ነገር ነው። ገቢና ንብረት ለሌለው ሰው የሚሰጥ እርዳታ እንጂ ጡረታ አይደለም። የሚወስደው ሰው ከአገር 30 ቀን ወጥቶ ከቆየ ይቋረጣል። ጡረታ ግን የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦም ይከፈለዋል። ግሪን ካርድ ያላችሁ ከ6 ወር በላይ ለመቆየት ካሰባችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ዜጋ ያልሆነች ሚስት ውጭ አገር ሆና ድርሻዋን ለማግኘት ብዙውን ጊዜ በትዳሩ ላይ ሆና አሜሪካ ውስጥ 5 ዓመት መኖሯ ይጠየቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት ጡረታ የምትቀበሉ ደስ የሚል ነገር አለ። በዚያ ምክንያት የአሜሪካ አበልን ይቀንስ የነበረው ደንብ በጃንዋሪ 5፣ 2025 በተፈረመው ሕግ ተሰርዟል። ከዚህ በፊት ተቀንሶባችሁ ከነበረ ቼካችሁ መስተካከሉን አረጋግጡ።

8. ፋይል ማድረግ

ቼኩ እንዲጀምር ከምትፈልጉበት ወር እስከ 4 ወር ቀድማችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። በድረ ገጹ፣ በ1-800-772-1213 በስልክ፣ ወይም በቀጠሮ ቢሮ ሄዶ ይቻላል። አስተርጓሚ በነጻ ነው። «አማርኛ» በሉና ጠብቁ። ልጅ ወይም ጎረቤት ከማስተርጎም ይሻላል፤ አንድ ቃል ሲሳሳት የሚጎዳው የእናንተ ቼክ ነው።

የጋብቻ ማስረጃውን ቀድማችሁ ፈልጉ። የእኛ ሴቶች በባል ስም አይጠሩም፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ሁለት የተለያየ የአባት ስም ሲያይ ማስረጃ ይጠይቃል። የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ካለ ጥሩ፤ ከሌለ የቤተ ክርስቲያን ወይም የሸሪዓ የጋብቻ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። በአማርኛ የተጻፈ ቢሆንም አትፍሩ፣ እነሱ ራሳቸው ያስተረጉማሉ። ኦሪጅናሉን አሳዩ፣ ፎቶ ኮፒውን ቤት አስቀሩ። የስም ፊደል አጻጻፍ በፓስፖርቱ፣ በግሪን ካርዱና በሶሻል ካርዱ ላይ ከተለያየ ከማመልከታችሁ በፊት አስተካክሉት።

ሙሉ ዕድሜ ያለፈ ሰው ሲያመለክት ሠራተኛው «የ6 ወር ወደኋላ በአንድ ጊዜ ልስጥህ?» ሊለው ይችላል። ደስ ይላል፣ ግን ስድስት ወር የጠበቀበትን ጭማሪ መመለስ ነው። በተለይ ለሚስት የሚቀረውን ቼክ ለማሳደግ ስትጠብቁ ከሆነ አስባችሁ መልሱ።

ተሳሳትን ካላችሁም ሁለት መመለሻ አለ። ማመልከቻው ከጸደቀ በ12 ወር ውስጥ መሰረዝ ይቻላል፤ የተወሰደው ሁሉ፣ የሚስትም ጭምር፣ ተመላሽ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰ ሰው አበሉን እስከ 70 አስቁሞ ማሳደግ ይችላል። በዚያ ጊዜ በእሱ ስም የምትወስደው ሚስትም ይቆምባታል። በ62 ወስዶ አሁን 67 የሞላው፣ ደህና ሥራ ያለው ባል ይህን ቢያስብበት አይከፋም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲመጣ ፖስታውን ሳትከፍቱ መሳቢያ ውስጥ አታስገቡት። ሦስት ነገር እዩ፦ የጀመረበትን ወር፣ መጠኑን፣ የባንክ አካውንቱን። ክፍያው ለአንድ ወር የሚገባው በቀጣዩ ወር ነው። ከወሩ 1 እስከ 10 ባለው ቀን የተወለደ ሁለተኛው ረቡዕ፣ ከ11 እስከ 20 ሦስተኛው ረቡዕ፣ ከዚያ በኋላ ያለው አራተኛው ረቡዕ ላይ ይገባለታል። የሚስት ድርሻ የሚገባው በባል የልደት ቀን መሠረት ነው። ጃንዋሪ 1 ለሚለው ወረቀት ባለቤት፣ ለእሱም በእሱ ስም ለምትወስደው ሚስቱም፣ ሁለተኛው ረቡዕ ነው።